የግራው እጅጌ

«ሽማግሌው ለምን አይመልሱልኝም? ዲዳ ናቸው ወይስ ንቀት ነው?» አለኝ የከተማው በር ዘበኛ፣ ጦሩን ወደ ጋሪዬ አዘንብሎ።

ሽማግሌ ያለው ከኋላዬ፣ ከጎረቤቴ ከትርትር አጠገብ የተቀመጠውን ነው። ነጭ አንሶላ ከላይ እስከ ታች ተከናንቦ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ግራ ቀኝ ሳይል ቀጥ ብሏል። ዘበኛው ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ ደጋግሞ ጠይቆታል። እሱም ደጋግሞ ዝም ብሎታል።

«አይናገርም፣ ጌታው፤» አልኩት።

«አሟቸው ነው?»

«ኧረ እሱ ጤነኛ ነው።»

«ታዲያ በዚህ ጠዋት ጠጥተዋል?»

«ጭንቅላት የለውም፤» አለች ትርትር። አልፎ አልፎ ብቻ ስለምትናገር፣ ስትናገር አሳምራ አትናገርም።

ዘበኛው ጭንቅላት የሌለው ሰው በዚያ በር ሲወጣና ሲገባ ብዙ አይቷል መሰለኝ፣ አልገረመውም። ይልቁንም የባሰ ተቆጣና በጦሩ ጫፍ አንሶላውን ሊገልጥ ሰነዘረ። ያኔ ድምፅዋ ከጉሮሮዋ የማያልፈው ጎረቤቴ «በብረት እንዳትነካው!» ብላ ስትጮህ ፈረሴ እንኳ ጆሮውን አቆመ። አንሶላውን ራሷ በሁለት ጣቷ ቀስ አድርጋ አነሳችው።

ከሥሩ ልብስ ሰፊዎች ልብስ የሚለኩበት የእንጨት ደረት ነበር፤ አንገቱ ላይ ያበቃል። በላዩ የከተማችን ገዢ የክብር ኮት አለ። ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ፣ ኮሌታው በወርቅ ክር የተጠለፈ፣ የብር ቁልፎቹ እስከ ጉሮሮ የተደረደሩ። ዘበኛው ቁልፎቹን አየ፤ ኮሌታውን አየ። ከዚያ ተረከዙን ከተረከዙ አጋጭቶ ለእንጨቱ ሰላምታ ሰጠ።

«ይለፉ፣ ክቡርነትዎ!»

እኔም ዕድሜ ልኬን እንደዚያ ተከብሬ በዚያ በር ወጥቼ አላውቅም።

ይህ የሆነው የወንዙ ጦርነት ባበቃበት ዓመት፣ እርቁ ሊፈረም በተቀጠረበት ዕለት ነው። የምሽጉ መድፍ እኩለ ቀን ላይ ሲተኮስ ገዢያችን በፈረስ ሆነው ወደ ድልድዩ ይወጣሉ፤ ከማዶው ገዢ ጋር መሃል ላይ ይገናኛሉ። ችግሩ የግራ ክንዳቸው ነበር። ጦርነቱ ላይ ቆስለው ከዳኑ ወዲህ ልጓም ለመያዝ ክንዳቸውን ከፍ ሲያደርጉ ያማቸዋል። አሮጌውን ኮት ለብሰው ቢሞክሩት ብብታቸው ሥር ይዞ ሲጎትታቸው ፊታቸው ጭምድድ አለ ተባለ። የማዶዎቹ ደግሞ የሚጠብቁት ያንን ነው። ሰውየው ደክሟል ብለው ካመኑ እርቁን ትተው ሌላ ወሬ ያመጣሉ። እንግዲህ የሁለት አገር ሰላም በአንድ ሰው ብብት ሥር ተወትፎ ነበር ማለት ነው።

ለዚህ ነው ትርትርን የጠሯት። የምትሰፋው አዲስ ኮት ከመድፉ በፊት ከደረሰና ካልጎተታቸው የግቢው ዋና ልብስ ሰፊ ትሆናለች። ካልደረሰ የሚሆነውን ማንም አልነገራትም፤ የግቢ ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር ለአድማጩ ይተዉታል።

ትርትር ስሟ አይደለም። ሰፈሩ ነው ያወጣላት፣ ሰፈሩ ውስጥ ደግሞ ባለቤቴ ናት ያወጣችላት። የእሷን ቤትና የእኛን ቤት የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ሰው ሲሰፋ አይሰማም፤ የተሰፋ ሲተረተር ግን ይሰማል። ሁልጊዜ ወደ ማምሻው ላይ «ክርር፣ ክርር» ይጀምራል። ባለቤቴ ሳህኑን አስቀምጣ፣ «ይኸው፤ ዛሬ ደግሞ የማን ይሆን?» ትላለች። በማግስቱ የልብሱ ባለቤት መጥቶ ደጃፏ ላይ ይጮሃል፤ «ትናንት አልቆ አላየሁትም እንዴ? እንዴት ያምር ነበር!» እሷ መሬት መሬት እያየች፣ «ውስጡ አላማረኝም፤» ትለዋለች። ውስጡን ማን ያየዋል? ይህን እኔም ጠይቄያታለሁ። የራሷን የሰርግ ቀሚስ ሳይቀር ሰፍታ ስትተረትር፣ ሰፍታ ስትተረትር፣ ሙሽራው ሌላ አገባ። እውነቱን ለመናገር እሱም ቸኩሎ ነበር፤ ሦስት ዓመት እንኳ አልጠበቀም።

እናም ከበሩ እንደወጣን መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። ቀኙ ወደ ድልድዩ ነው፤ ሜዳ ነው። ፈረሴን «ዳኛው» ነው የምለው፤ አንድ እርምጃ ለመራመድ ግራ ቀኙን መርምሮ ስለሚወስን። እሱ እንኳ ሳይመረምር ወደ ቀኝ ታጠፈ።

«ወደ ግራ፣ ጎረቤት፤» አለችኝ።

«ግራው ዳገት ነው እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«ዳገቱ ላይ ያለው የእሬት ቤት ብቻ ነው!»

«እሱንም አውቃለሁ።»

እሬት የምንለው ያሳደጓትን ልብስ ሰፊ ነው። ፊት ለፊት ማንም እንዲህ ብሎ አልጠራቸውም፤ ደፋር የሚባለው ሰው «ጌታው» ይላቸዋል፣ ሌላው ዝም ይላቸዋል። በደህናው ጊዜ የመኳንንቱ ሁሉ ልብስ በእጃቸው ነው ያለፈው። አሁን ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፣ አልጋ ከያዙ ሰነባብተዋል፣ ከዚህ ወር አያልፉም እየተባለ ነው።

እጆቿን ያየ ሰው ታሪኩን ግማሽ ያነበዋል። የግራ እጇ አንጓ ላይ የቀጭን እንጨት ምልክት አለ፤ መለኪያ እንጨታቸው ነው። በልጅነቷ፣ ገና ፊቷ ከጠረጴዛው ጠርዝ በላይ ሳይታይ፣ እናቷ የተቀደደ ሽርጧን ልታሰፋ እሳቸው ዘንድ መጣች። ሽርጡ ላይ ሌላ ቅዳድ ነበር፣ የተጠገነ። እሳቸው ያን ጥገና ለማግኘት ገልብጠው፣ ወደ መስኮት ይዘው፣ በጥፍራቸው ፈልገው አጡት። «ይሄን ማን ሰፋው?» ቢሉ እናቲቱ ልጅቷን አሳየቻቸው። በዚያው አስቀሯት፤ እናቲቱ ሽርጧን ይዛ ልጇን ትታ ተመለሰች።

«እስቲ አንድ ደግ ነገር ንገሪኝ፤» አልኳት፣ ዳኛው ዳገቱን እየተማረረ ሲወጣ። «ፈረሴ ቢጠይቀኝ የምመልስለት።»

ጥቂት አሰበች። «ሻማ ያጠፉብኝ ነበር።»

«ይሄ ነው ደጉ?»

«እየሰፋሁ ሳለ እፍ ይሉታል። ጣትሽ ይይ፣ ዓይንሽን አትመኚው ይሉኛል። አለቅስ ነበር። አሁን ግን ክር ሳስገባ ዓይኔን እጨፍናለሁ።» ኮቱን በአንሶላው አስተካክላ ሸፈነችው። «ለእናቴ ቆብ ሰፍቼ ነበር፤ በራሴ ጊዜ፣ ከቁርጥራጭ። ከላይ ሲያዩት ያምራል። ገልብጠው ውስጡን አዩና ምድጃው ውስጥ ጨመሩት።»

«ቆይ፣ በልጅነትሽ?»

«በልጅነቴ።»

«ምን አልሽ አንቺ?»

«ሌላ ሰፋሁ።»

«እሳቸውስ?»

«ያንንም ጨመሩት።»

ልጓሙን ይዤ ዞር ብዬ አየኋት። «ሦስተኛውስ?»

«ሦስተኛውን እናቴ እስክትሞት ድረስ አድርጋዋለች።»

ልቆጣላትም አሰብኩ፣ ግን የምቆጣለት ሰው እንድቆጣ አልፈለገም። «ታዲያ ለእኚህ ሰው ነው እርቁን አስቁመን ዳገት የምንወጣው?»

«ጎረቤት፣» አለችኝ፣ «ሌላ ማን ውስጡን ያይልኛል?»

ከዚያ ወዲያ አልተከራከርኳትም። እንዴት እንደሚያዩላት ብቻ ጠየቅኳት፤ የሚባባሉትን አውቄ ልዘጋጅ ብዬ። እሬት አይናገሩም አለችኝ። ሥራው ካልጣማቸው ትልቁን መቀሳቸውን ያነሱና ሥራው ላይ ያስቀምጡታል። ይኸው ነው። መቀሱ ካረፈበት፣ ተርትረሽ እንደገና ጀምሪ ማለት ነው። ያን መቀስ ከእሳቸው በቀር ማንም አይነካውም፤ ለመተርተር ብቻ ነው የሚሰጡት።

«ከጣማቸውስ?»

«ከጣማቸው ምንም። ቀጣዩን ጨርቅ ይወረውሩልኛል።»

ቤታቸው ደጃፍ ስንደርስ ከእሳቸው ጋር እኩል ያረጁ እህታቸው በሩን ገርበብ አድርገው አዩን።

«ማነሽ?»

«ትንሿ ነኝ፤» አለች ትርትር። ጠጉሯ ግማሹ ሸብቷል።

እህትየው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «አንቺ ልጅ! ግቢ፣ ግቢ። ያንንስ ሰውዬ ጨምረሽ ነው የመጣሽው? እሱም ይግባ።» እንጨቱን ነው ያሉት። ወዲያው ኮቱን አውልቃ ይዛ ገባች፤ እንጨቱ ጋሪው ላይ ፈረሴን ሲጠብቅ ቀረ።

እሬት የተኙት መኝታ ቤት ውስጥ አይደለም፤ አልጋቸውን የሥራ ክፍሉ ውስጥ አስገብተውታል። የቀዘቀዘ የከሰል ካውያ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። ክሮች በየቀለማቸው ግድግዳው ላይ ተሰቅለው አቧራ ጠጥተዋል። እሬት ከትራሱ ላይ ቀና ሳይሉ፣ «ማናት?» አሉ።

«ትንሿ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«አሁንም?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«እጅሽን ታጥበሻል?»

«ታጥቤያለሁ።»

«የኋለኛው ግን አልታጠበም። ፈረስ ፈረስ ይላል።»

የኋለኛው እኔ ነኝ። ወደ በሩ ፈቀቅ አልኩ።

ኮቱን ገልብጣ፣ ቀዩን የሐር ገበር ወደ ላይ አድርጋ፣ ጭናቸው ላይ ዘረጋችላቸው። ኮሌታውን፣ ወርቁን፣ ቁልፎቹን ንክች አላደረጉም። ጣቶቻቸው ስፌቱን ይዘው ቀስ ብለው ሄዱ፤ ከትከሻ ወደ ጀርባ፣ ከጀርባ ወደ ጎን። ሰው የሞተ ዘመዱን ፊት እንደዚያ ሲነካ አይቻለሁ። ትርትር ቆማ ከንፈሯን ነክሳለች። መስኮቱ ላይ ፀሐይዋ እየገፋች ነው። እኔ መድፉን በጆሮዬ እየጠበቅሁ ነው።

ጣታቸው የግራው ብብት ሥር ደርሶ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የጨመርኩት ቁራጭ ነው። በሰያፍ የተቆረጠ።»

«እኔ እንዲህ አላስተማርኩሽም።»

«አላስተማሩኝም።»

«ታዲያ ማን አስተማረሽ?»

«ክንዳቸው፤» አለች። «ክንዳቸውን ይዤ ወደ ላይ ሳነሳው የት ጋ እንደሚፈሩ አየሁ። እዚያ ጋ ቦታ ሰጠኋቸው።»

እሬት ቁራጩን በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳበሱት። ከዚያ እጃቸውን ትራሳቸው ሥር ሰደው ያን መቀስ አወጡ። ረጅም ነው፣ ጥቁር ነው፤ መያዣው ቆዳ የተጠመጠመበት። ኮቱ ላይ፣ ልክ ያ ቁራጭ ላይ፣ በቀስታ አስቀመጡትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

የጎረቤቴን ፊት ያን ጊዜ አየሁት። ሽበቷ እያለ፣ ፊቷ ግን ከጠረጴዛው ጠርዝ በላይ ያልደረሰች ልጅ ፊት ነበር።

«እሺ፣ ጌታዬ፤» አለች። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ መቀሱን አነሳች፤ እጅጌውን ከብብቱ መተርተር ጀመረች። ክርር።

«አንቺ ሴትዮ! መድፉ ሊተኮስ ነው!» አልኩኝ። የምትሰማኝ አይደለችም። ክርር፣ ክርር። በግድግዳ በኩል ለዓመታት የሰማሁትን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኔ አየሁት፤ በዓይን ሲያዩት ይብሳል።

ሽማግሌው ከግድግዳው ተመለሱ። ዓይናቸው እንጂ ጆሮአቸው አልተጋረደም።

«ይሄ ድምፅ ምንድን ነው?»

«እየተረተርኩ ነው፣ ጌታዬ።»

«ማን ተርትሪ አለሽ?»

«መቀሱን አስቀመጡት እኮ።»

ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ገጠሙት። ግራ የገባው ሰው ፊት በእሳቸው ላይ አያለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

የተናገሩት እህታቸው ናቸው። «አይ አንተ ሰውዬ! ሰሞኑን ሁሉ ያን ብረት ትራስህ ሥር ወትፈህ፣ ‹ትመጣለች፣ እሰጣታለሁ፣ ማንም እንዳይነካው› ስትለኝ ከረምክ። ስጦታ እንዲህ ነው የሚሰጠው? ፊትን ወደ ግድግዳ አዙሮ? አፍህ ምን ሆነ?»

«አፌ ደህና ነው፤» አሉ እሬት። «ለሥራ ያልሆነ ነገር አላወጣበትም።»

ትርትር መቀሱን አየችው። «ለእኔ ነው?»

«እኔ ምን እቆርጥበታለሁ? ብርድ ልብሱን?»

ሌላ ሰው ቢሆን ተነስቶ ይስማቸዋል፤ ወይም ስለ ሁለቱ ቆቦች የልቡን ይነግራቸዋል። እኔ ብሆን ሁለተኛውን ነበር የማደርገው። እሷ ግን መቀሱን ጭኗ ላይ አስተኝታ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ኮቱ ላይ እንዳታንጠባጥቢ፤» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ትንሽ ዝቅ አለ። «ምን ያህል ተረተርሽ?»

«ብብቱን በሙሉ።»

«በይ ስፊው።»

ልትሰፋ አልቻለችም። ክሩን ወደ መርፌው ቀዳዳ ትሰደዋለች፣ ይስታል። እርጥብ ዓይኗን በክንዷ ትጠርጋለች፣ እንደገና ይስታል። እኔ ላግዛት ብዬ እጄን ስዘረጋ እህትየው እጄን ገፍተው፣ «አንተ ፈረስ ያዝ፤» አሉኝ።

«ሻማውን ሳጠፋብሽ እንዴት ነበር የምታስገቢው?» አሉ ሽማግሌው።

ዓይኗን ጨፈነች። ክሩ ገባ።

«አምጪው ወዲህ፤ ብቻሽን ከያዝሽው ይሸበሸባል።» ከአልጋው ጠርዝ ጎንበስ ብለው፣ በእህታቸው ትከሻ ተደግፈው፣ የእጅጌውን አንድ ጫፍ በሁለት አውራ ጣታቸው ወጥረው ያዙላት። እሷ ሰፋች። ሁለቱም ዓይን የላቸውም፤ እሳቸው በሞራው፣ እሷ በእንባዋ። መርፌው ጣታቸው ጋ ሲደርስ ሳትነግራቸው ፈቀቅ ይላሉ፤ ክሩን ሳብ ስታደርግ ይመለሳሉ። አንዴ ግን ወጋቻቸው። «ይቅርታ፣ ጌታዬ!» ብትል፣ «ሥራሽን ሥሪ፤» አሏት፤ ጣታቸውን ከቦታው አላነሱም። በሥራ ላይ ሆነው እሷን ሳይመቱ የቀሩበት የመጀመሪያው ቀን ሳይሆን አይቀርም፤ መለኪያ እንጨቱ ሩቅ ስለነበረ ይሆናል ብዬ ልቀልድ አልኩና ተውኩት።

ክሩን በጥርሷ ልትበጥስ ስትል «መቀስ አለሽ፤» አሏት። በመቀሷ ቆረጠችው።

ኮቱን ታቅፋ በሩ ጋ ደርሳ ቆመች። እኔ ጋሪው ላይ ሆኜ «ኧረ በፈጠረሽ!» እያልኩ ነው። ወደ ክፍሉ ዞረች።

«ጌታዬ... እንዴት ነው?»

«ምኑ?»

«ኮቱ።»

በሕይወቷ ጠይቃቸው አታውቅም። ሽማግሌው ትራሳቸውን አስተካከሉ፤ ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡት። የሚሉት ቃል ከሩቅ ቦታ፣ በእግሩ፣ ሸክም ይዞ የሚመጣ ነው የሚመስለው።

«የግራው እጅጌ ደህና ነው፤» አሉ።

ዳኛው ያን ዳገት የወረደበትን አወራረድ ሰው አያምነኝም። ቁልቁለቱን ሳይመረምር፣ ሳይከራከር ተምዘገዘገ። እንጨቱ ኮቱን ለብሶ ጋሪው ላይ ሲነጥር ትርትር ወገቡን በሁለት እጇ ጨብጣዋለች፤ ባለቤቴ ብታያት «ሙሽራው ተገኘ» ትል ነበር። መንታው መንገድ ላይ የጠዋቱ ዘበኛ ከበሩ ሆኖ ከሩቅ አይቶን ገና ሳንደርስ ለእንጨቱ ተረከዙን አጋጨ።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ የገዢው አሽከሮች በሸሚዝ የቆሙትን ጌታቸውን ከበው ላብ በላብ ሆነዋል። ኮቱን ከእንጨቱ ላይ አውልቃ ራሷ አለበሰቻቸው። የመጨረሻውን ቁልፍ ስትቆልፍ መድፉ ተተኮሰ።

እኔ ወንዙ ዳር ከሕዝቡ ጋር ቆሜ አየሁ። ገዢያችን ፈረሳቸው ላይ ሆነው በግራ እጃቸው ልጓሙን ሳቡ፤ ክንዳቸው ከፍ አለ። እኔ የማየው ፊታቸውን ነው። አንድ መስመር እንኳ አልተነቃነቀም። ድልድዩ መሃል ሲደርሱ የማዶው ገዢ ትንሽ አያቸው፤ ከዚያ ቀድሞ ከፈረሱ ወረደ። ሕዝቡ በእልልታ ቀለጠ። ስለ ብብቱ ቁራጭ ከዚያ ሕዝብ መሃል የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነበርን።

ቆይቶ የግቢው አዛዥ መጥቶ፣ «እመቤት፣ ከነገ ጀምሮ የግቢው የልብስ ቤት በእርስዎ ነው፤» አላት። እመቤት ሲላት ማንን እንደጠራ ለማየት ወደ ኋላዋ ዞረች።

ስንመለስ ዳኛው ወደ ቀደመ ጠባዩ ተመልሶ እያንዳንዱን ጠጠር ይመረምራል። ትርትር ራቁቱን የቀረውን እንጨት በአንሶላው ሸፍናዋለች። መቀሱ ጭኗ ላይ ነው፤ በመያዣው የተጠመጠመውን ቆዳ በጣቷ ትዳብሳለች፤ የእሳቸው አውራ ጣት ያጎደጎደበት ቦታ ላይ የራሷን አውራ ጣት ታስገባና ታወጣለች። ደስታ ነው ብዬ እንድትደሰት ተውኳት፤ እየቆየ ግን ነገሩ ደስታ አልመስለኝ አለ።

«እህቴ፣» አልኳት፣ «ዋና ልብስ ሰፊ ሆነሻል። እርቁ ወርዷል። መቀሱ ያንቺ ነው። እኚያ ሰውዬ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና ነው አሉሽ። እንግዲህ ዛሬ ማታ ባለቤቴ ክርር ሳትሰማ እራት ትበላለች ማለት ነው?»

መልስ እስክትሰጠኝ ዳኛው ሁለት ጠጠር መረመረ።

«ስለ ቀኙ ግን ምንም አላሉም፤» አለችኝ።